ጌታውና አከራዬ

ያን ሰሞን የአንድ እንግሊዛዊ ጌታ የሕይወት ታሪክ እየተረጎምኩ ነበር። ሰውየው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ቤቴ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አብሬው እውላለሁ። መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። በልጅነቱ አባቱ ሞቶ ሰፊ መሬት ወረሰ፤ ፓርላማ ሲገባ ገና ጎረምሳ ነው፤ ስለ ነፃነት ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ጭሰኞቹ ሲታመሙ ሐኪም ይልክላቸዋል።

ከዚያ የምርጫው ምዕራፍ መጣ። በዚያ ዘመን መራጩ በሕዝብ ፊት ቆሞ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። ጌታው አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል። የተቀናቃኙን ስም የጠሩ ጭሰኞች ብዙም ሳይቆይ ዕቃቸው ከቤት ወጥቶ ዝናብ ላይ ተጣለ። ጸሐፊው ይህን በአንድ መስመር አልፎ ስለ ጌታው ፈረሶች ማውራት ይጀምራል። ንድድ አለኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ልናፈስ ስወጣ አከራዬን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

«እሁድ የእድሩ ምርጫ ነው፤ አትቀሪም አይደል?» አሉኝ እየሳቁ።

አከራዬ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ልክድ አልችልም። እናቴ ስትታመም በገዛ መኪናቸው ሐኪም ቤት አድርሰዋታል፤ ኪራይም አልጨመሩብኝም። የሚወዳደሯቸው ደግሞ ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው አንዲት ጎረቤቴ ነበሩ። እናቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን ገላዋን ያጠቡ፣ ዓይኗንም የከደኑ እሳቸው ናቸው። እድራችን የሚመርጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ግቢው ውስጥ፣ ሁሉም እያየ። እስከ እሁድ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ቤት ብወጣ በዚያ ኪራይ ልደታ ውስጥ ሌላ አላገኝም፤ እናቴ የሞተችበትን ክፍል ለማንም መልቀቅም አልፈልግም።

እሁድ ግቢው ሞላ። ስብሰባውን የሚመርቁልን አዛውንት ብድግ አሉ።

«ኋላ እንዳንቀያየም ዛሬ ዓይናችንን ጨፍነን እንምረጥ። የምቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ።»

እፎይ አልኩ። እንደ ጸሎት ሰዓት አንገታችንን ደፋን። መጀመሪያ የአከራዬ ስም ተጠራ፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ቀጥሎ የጎረቤቴ ስም ሲጠራ እጄን አነሳሁ። ብቻዬን ልሆን እንደምችል ሳስብ ፍርሃቱ አላስችል አለኝና ዓይኔን ገለጥኩ።

ከሚቆጥሩት አዛውንት በቀር ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። አከራዬ ብቻ ቀና ብለዋል፤ ዓይናቸውን አልጨፈኑም ነበር። ቀጥታ እኔን ያያሉ። እጄን ላወርድ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እናቴን አሰብኩና እንደተነሳ ተውኩት።

አከራዬ አሸነፉ፤ ያውም በሰፊው። አጨበጨብን። ጎረቤቴም ሄደው ጨበጧቸው። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ኮቴው በሬን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ እየሆነ ሲሰነብት፣ ደግ ሰው በከንቱ ጠረጠርኩ ብዬ ማፈር ጀመርኩ።

በሬ የተንኳኳው የጌታውን ቀብር ስተረጉም ነው። ጭሰኞቹ ሁሉ እያለቀሱ ሸኙት ይላል ጸሐፊው። ተነስቼ ከፈትኩ።

«ይቅርታ ልጄ» አሉ አከራዬ፤ «ቤቱን ፈልጌው ነው። ልጄ ሊያገባ ነው።»

ያላቸው ልጅ አንድ ነው። ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ የማስጠናው እኔ ነኝ። ይህን ያውቃሉ። እንደ እሁዱ ሁሉ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ መልሴን ይጠብቃሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።