ፎካሪው ያልፎከሩ ለት

የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር። ዳባት ላይ ሕዝቡን ለድንበሩ ጦርነት ለመቀስቀስ በተጠራ ስብሰባ እጄን አውጥቼ «ድርድሩስ ምን ደረሰ?» አልሁ። አስተማሪ ነኝና መጠየቅ ልማዴ ነው። ከአዳራሹ ስወጣ ሁለት ታጣቂዎች ይዘው የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ዘጉብኝ። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ዓይን ይቆጠቁጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ ከሥር ይገባል።

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የድብ ባሕር ገበሬ ናቸው። በፎካሪነታቸው አገር ያውቃቸዋል፤ ሠርጉም ለቅሶውም ያለ እርሳቸው አይደምቅም። ዘማቾች ሲሸኙ እንዲፎክሩ ቢታዘዙ እንቢ ብለው ነው የታሰሩት። ከዘማቾቹ አንዱ ደግሞ የገዛ ልጃቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ካድሬ በሩን ከፍቶ ቆመ።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት መኪኖቹ ይነሳሉ። ሜዳው ላይ ይፎክሩና ልጅዎን ስመው ይሸኙ፤ ከዚያ ወደ ቤትዎ። እንቢ ካሉ ጎንደር ወህኒ ቤት ነው የሚወርዱት።»

ሲሄድ ለመምከር ቸኮልሁ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚሉት እኔን ነው።

«ምን አለበት አባቴ፣ ቃል ብቻ አይደል? ይበሉትና ልጅዎን ይዩት» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ቃል ብቻ? አስተማሪ ነኝ አላልኸኝም ወይ አንተ ልጅ? በፊተኛው መንግሥት የበኩር ልጄን ፎክሬ ሸኝቸው ነበር። ጓደኞቹ ሲሸሹ እሱ ቀረ። ‹አባቴ ሰው ፊት ፎክሮልኝ፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ› አለ አሉኝ። እሱን የገደለው ጥይት እንዳይመስልህ።»

ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም አፈርሁ።

በማግስቱ ጠዋት መጥተው ወሰዷቸው። የቆርቆሮውን ግድግዳ ተደግፌ ድምፅ ማጉያውን አዳመጥሁ። ከበሮው፣ እልልታው፣ መፈክሩ ይቀልጣል። ስማቸው ሲጠራ ጭብጨባው ባሰበት። ከዚያ ሜዳው ጭር አለ። በማጉያው የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ብቻ ነበር።

«ይበሉ እንጂ አባባ» አለ የካድሬው ድምፅ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ ማዕድ ላይ እንደሚያወሩ ሁሉ ዝግ ብለው። «የምትመለስበትን መንገድ እያየህ ሂድ። ብትሸሽም ቤቴ ቤትህ ነው። አላፍርብህም።»

ማጉያው ተቋረጠ። እልልታው ወዲያው አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ መኪኖቹ ተነሡ።

ሲመልሷቸው ከንፈራቸው ደምቷል። ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክለው አጣፉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«አገኙት?» አልኋቸው።

«አላሳሙኝም። ግን ሰምቶኛል፤ ራሱን ነቀነቀልኝ።»

በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ።

ያች ትንፋሽ ግን አልለቀቀችኝም። ድምፅ ማጉያ በተከፈተ ቁጥር፣ የሠርግም ቢሆን፣ ከዘፈኑ በፊት እርሷ ትመጣብኛለች። አውቶቡስ ድብ ባሕር ላይ ሲቆም የሽማግሌውን መልክ ፍለጋ በመስኮት የጎልማሶቹን ፊት እመረምራለሁ። ወርጄ ልጁ ተመልሶ እንደሆነ ብጠይቅ የሚነግረኝ አይጠፋም። ሁልጊዜ «በመልሴ እወርዳለሁ» እላለሁ፤ ስመለስ ግን የተኛሁ መስዬ አልፋለሁ።