የኩዎት አባት ላንድሮቨርና የጋሽ ብርሃነመስቀል ጆሮ

ያንን አሮጌ ላንድሮቨር እንደ ጋሽ ብርሃነመስቀል የሚነዳ ሰው ጁባ ውስጥ አልነበረም። መኪናው እንዳሁኖቹ አይደለማ! ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትወርድ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገህ ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ፣ ነዳጅ ሰጥተህ ሞተሩን ታስጮኸዋለህ፣ ከዛ ደግመህ ትረግጥና ታስገባለህ። ጩኸቱ ልክ ከሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ካነሰ ግን ጥርሱ ይፋጫል። ሁሉም በጆሮ ነው።

ታዲያ የጋሽ ብርሃነመስቀል ጆሮ ደከመ። ማርሹ መንጫጫት ሲያበዛ ባለመኪናው ኩዎት፣ ኢትዮጵያ በስደት ያደገ ልጅ ነው፣ በአማርኛ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ያባቴን ካምቢዮ ልትጨርሰው ነው። ቅዳሜ ወንዙ ዳር ረጃፍ ስንሄድ ከተፋጨ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ" አለው።

ቅዳሜ የጋሽ ብርሃነመስቀል ሚስት ሩሃማ "እኔም ዓሣ ልግዛ" ብላ ከፊት አጠገቡ ተቀመጠች። መሪ ጨብጣ አታውቅም፣ ግን ስንት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ያንን ሞተር ሰምታዋለች። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ነዳጅ ሰጠ፤ ጩኸቱ ልክ ሲሆን ጉልበቱን መታ አደረገችው። ማርሹ ሰተት ብሎ ገባ። ቀጣዩም ዳገት ላይ እንደዛው።

"እትዬ ሩሃማ፣ ለምንድነው የምትመቺው?" አለ ኩዎት ከኋላ።

"ዝንብ ነው።"

"ማርሽ ሲቀየር ብቻ የሚያርፍ ዝንብ?" ብሎ ሳቀ። ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በሉ ሰኞም ዝንቡን ይዛችሁ ኑ" አለ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል አልሰማም። "ምን አለ?"

ሩሃማ ወደ ጆሮው ተጠጋች። "ሰኞ ሥራ አለን።"