የዝናቡን ሹም ማን ገደለው?

ባለፈው ሳምንት ከማጀቴ ከተማ የሚመጣ የማሾ ጭነት እየጠበቅሁ መጋዘኔ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ሸዋ ሮቢት በቀትር ሰው የሚንቀሳቀሰው ሥራ ፍለጋ ሳይሆን ጥላ ፍለጋ ነው። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሀያት ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ከስልኩ ውስጥ አንድ የፈረንጅ ጎረምሳ ርስቱን እንደተቀማ ሰው እጁን እያወናጨፈ ይከራከራል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ስለ ጌም ነው አባ። ጌሙ ውስጥ ሰባት አማልክት አሉ፤ አንዱ ተገድሏል። ማን እንደገደለው ጌሙ አይናገርም። ስለዚህ ሰው ሁሉ የየራሱን ግምት እያመጣ ይጨቃጨቃል።»

አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። አንዲት ሴት ፀጉሯን በትና፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሥዕሉ ከድሮው ጠርቷል፤ ልብሷም ተለውጧል። ጀርባው ግን ያው ነው።

«ይህችን ሴት አውቃታለሁ» አልኳት።

ሀያት «ከሚኒስትሩ ጋር አንድ ክፍል ነበርን» የሚል አባት እንደሚታይ አድርጋ አየችኝ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ትምህርትን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼ በደሴ መንገድ ለሚያልፉ አውቶቡሶች ማንጎና ፓፓያ በመስኮት እሸጥ ነበር። አንድ ጎኑ የተመታ ፓፓያ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን እያጓራ ሳለ፣ በደህና ጎኑ አዙሮ ማቀበልን የሚያህል ፈተና በየትኛውም ክፍል አልተፈተንኩም። በአንዱ አውቶቡስና በሌላው መካከል ባለው ጊዜ የምገኘው ከድር ጌም ቤት ነው።

ከድር የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበር። በልጅነቱ በሕመም አንድ እግሩ ስለሰለለ እርሻም ጭነትም አይችልም። አጎቱ ከጅቡቲ አንድ አሮጌ ፕሌይ ስቴሽን ሲልክለት፣ ከሐጂ አሊዩ ግቢ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። ቆርቆሮዋ ከላይ ይጠብሳል፤ መስኮቷ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ አንዲት የምትንቀጠቀጥ ፋን ትኩሱን አየር ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ታዘዋውራለች። እናቱን የሚያስተዳድረው በዚያች ክፍል ብቻ ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ኳስ ነው። ከዲስኮቹ መካከል ግን አንድ ሽፋንም ስምም የሌለው ነበር። ጽሑፉ ቻይንኛ ይሁን ጃፓንኛ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ሰይፍ የያዘ መንገደኛ ሰባት ትልልቅ ቤቶችን እያቋረጠ ይሄዳል፤ በየቤቱ አንድ ጉልበተኛ አለ። አንዱ እሳት ይተፋል፤ አንዱ ሚዛን ፊት ተቀምጧል፤ አንዷ ጣሪያዋ ላይ ጨረቃ ታስራለች። ሦስተኛው ቤት ስትደርስ የዝናቡ ጌታ በደረቀ ጉድጓዱ ላይ ተዘርሮ ታገኘዋለህ። ጦር የለ፣ ደም የለ። ማን ገደለው? ጽሑፉን የሚያነብልን ስለሌለ መልሱን እኛው ማምረት ነበረብን።

ነገሩን ከምር የያዝነው ሦስት ነን። አንዱ ከድር፣ አንዱ እኔ፣ አንዱ ጌታቸው፣ የቄስ ልጅ። ጌታቸው የሞተ የለም ባይ ነበር። መቃብር አላየንም፤ ስለዚህ ተደብቋል፤ ሰው ሲከፋ ተመልሶ ይመጣል። እኔ የጠረጠርኩት ባለሚዛኑን ነው። ዝናቡ ከሞተ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተከመረው እህል ጨምሯል፤ ድርቅ ማንን ይጠቅማል ብለህ ጠይቅ፣ እል ነበር። ጌታቸው የራስህን ወገን፣ ነጋዴን፣ ለምን ትከሳለህ ሲለኝ፣ ስለማውቃቸው ነው አልኩት። ከድር ደግሞ ማንንም አይከስም። የጨረቃዋን ሴት ብቻ ይወዳል። የመጨረሻው በር ጠባቂ እሷ ናት፤ እዚያ ካልደረስክ በቀር በቤቷ ስታልፍ አትነካህም። ከሰባቱ ጨዋዋ እሷ ናት ይላል።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ማሽላው የደረሰበት። ጥንቅሽ እያላመጥን ስለምንጫወት ጆይስቲኩ በስኳር ተጣብቆ ጉንዳን ይሰለፍበታል። አንድ ቀን ለአስር ሰላት ጥቂት ሲቀር ክርክሩ ጋለና ጌታቸው በሙሉ ድምፁ፣ «አምላኩን ማን ገደለው? እስቲ ንገሩኝ፣ አምላኩን ማን ገደለው?» ብሎ ጮኸ።

ከግድግዳው ማዶ ሐጂ አሊዩ ለሰላቱ እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ ነበር። የጀበናቸው ውሃ መንቆርቆሩን ሲያቆም ሰማን። ፋኗም ያቆመች መሰለኝ።

ሐጂ ያን ዕለት አልተቆጡም። ሰላታቸውን ሰገዱ፤ ከድርን አስጠሩ፤ በግቢዬ ሽርክ፣ በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት፣ አይነገርበትም፣ እስከ ጁምዓ ዕቃህን አውጣ አሉት። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከድር ተመልሶ ሲመጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጆይስቲኩን ገመድ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀልላል። ሌላ ክፍል እንዳናገኝለት ከተማው ትንሽ ነው፤ ሐጂ ያስወጡትን ሰው ደግሞ ማን ያስገባል?

አማላጅ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም የተመታ ፓፓያ መሸጥ የሚችል አፍ ነበረኝ።

በማግስቱ ሐጂን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ያጣዬም የካራ ቆሬም ሰው ሲጣላ የሚያስጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። በሬ ወይም ግመል ሲጠፋ አገሩ ተሰብስቦ እየማለ ያየውን በሚያወጣበት አውጫጭኝ ላይ እሳቸው ሳይመጡ ነገር አይጀመርም ነበር።

«አምላክ አይደሉም ሐጂ» አልኳቸው፤ «ሹሞች ናቸው።»

«የምን ሹም?»

«የዝናብ ሹም፣ የእሳት ሹም፣ የገበያ ሹም...»

«ዝናብ የሚያዘንብ ሹም አይተህ ታውቃለህ?»

«እኛንም የገረመን እሱ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ያኔ ፓፓያውን አዙረው የተመታውን ጎን እንዳገኙት ገባኝ። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው። ተረት ነው አልኩ፤ ከእስልምና በፊት በጃሂሊያ ዘመን ለዝናቡም ለጨረቃውም ጣዖት ያቆሙ የነበሩትን ሰዎች የሚመስል ተረት። ማንም አይሰግድላቸውም፤ እኛ የምንጨቃጨቀው አንዱን ማን እንደገደለው ነው።

«አልታወቀም?» አሉ።

«አልታወቀም።»

«ሬሳው የት ተገኘ?»

ከዚያ በኋላ አማላጅ መሆኔ ቀርቶ መስካሪ ሆንኩ። መጀመሪያ ያገኘው ማነው፣ ከማን ጋር ቂም ነበረው፣ ቤቱ ስንት በር አለው ሲሉ ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ። ሐሙስ ከዙህር ሰላት በኋላ ራሴ መጥቼ አያለሁ ብለው አሰናበቱኝ።

ሐሙስ ከድር ወለሉን ውሃ ረጭቶ ጠረገ፤ ወንበሩንም ሦስት ጊዜ ወለወለ። ሐጂ ገብተው ተቀመጡና ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። ጌታቸው የዝናቡ ሹም ተደብቋል የሚለውን ሐሳቡን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ «ልጄ፣ ያየኸውን እንጂ ያሰብከውን አልጠየቅኩህም» አሉት። እኔ ወዲያው የገበያውን ሹም ክስ ዋጥኩት።

ከድር ከመጀመሪያው ጀመረ። ሬሳው ታየ። የጨረቃዋ ሹም ቤት ታየ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ፀጉሯን በትና መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀጥሎ አንድ ነጭ ወፍ በመስኮት ገብቶ ፊቷ ላይ ጥቁር ላባ ይጥላል። ይህን ሃምሳ ጊዜ አይተነዋል።

«መልሰው» አሉ ሐጂ።

ከድር መለሰው። ጠጋ ብለው አዩ።

«ይህ ወፍ ምን ይዞ ነው የመጣው?»

«መርዶ ነው ሐጂ።»

«ሌላ ነጋሪ ከሱ በፊት ገብቷል?»

«አልገባም።»

«ታዲያ መርዶ ሳይደርሳት ለማን ነው መሬት የተቀመጠችው?»

እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። የእናቴ እህት አጣዬ ላይ ስታርፍ ሰፈሩ ሁሉ ቀን ሰምቶ ነበር፤ እናቴ ግን እንደ ወትሮዋ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ከጎረቤት ስትስቅ ዋለች። ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው እስኪነግሯት ማንም ፊቱን አላጠቆረም። ነጋሪው ሳይደርስ የሚያለቅስ ሰው ካለ አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ያደግን ሦስት ሰዎች ሃምሳ ጊዜ አይተን ያላየነውን፣ ቴሌቪዥን የማይወዱ ሽማግሌ በሁለተኛው አዩት።

«እሷ ናት ማለት ነው!» ብሎ ጌታቸው ከመቀመጫው ተነሳ። የከድር ፊት ጠቆረ፤ ሆኖም ጆይስቲኩን አነሳ። ገና አልፈነው የማናውቀው የመጨረሻው በር ዘንድ ደርሰን ያቆምንበት ቦታ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነበረ። አሁን ገብቶ እሷን መግደል ብቻ ነው የቀረው።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ዘርግተው የከድርን እጅ ወደ ታች ተጫኑት።

«ማወቋን አየን። መግደሏን ማን አየ?»

«ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ሐጂ?» አልኩ እኔ።

«ጠይቃት።»

ከድር ጆይስቲኩን አሳያቸው። ይሄ መምቻ ነው፤ ይሄ መዝለያ፤ ይሄ መከላከያ። መጠየቂያ የለውም አላቸው፤ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ።

ሐጂ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ፤ እኛን ያላመኑ ይመስል። ከዚያ ተነሱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ፍርዱን ሰጡ። ከድር በክፍሉ ይቀመጣል። አምላክ የሚለው ቃል ግን ከግድግዳው አያልፍም። ሌላው ደግሞ፣ «በኔ ጣሪያ ሥር ሴት ሳትጠየቅ በጥርጣሬ አትገደልም» አሉ።

ከድር እስኪርቁ ጠብቆ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መስሎን ነበር።

እንግዲህ ያ የቤቱ ሕግ ሆነ። እስከ መጨረሻው በር ትሄዳለህ፤ እዚያ ስትደርስ ትመለሳለህ። እንግዳ ተጫዋች ሲመጣ ምክንያቱን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ካጣዬ የመጡ ልጆች እኛ ጨርሰነዋል፣ ምን እንዳለ እንንገራችሁ እያሉ ያሾፉብን ነበር፤ ጌታቸው ጆሮውን ይዞ ይወጣል። እኔም አንድ ጁምዓ ሁሉም ሰላት ላይ ሳለ ወደ መስጊድ እንደሚሄድ ሰው ወጥቼ ወደ ጌም ቤቱ ታጠፍኩ። ጌሙን ከፍቼ፣ የመጨረሻው በር ፊት ቆሜ፣ አውራ ጣቴን መምቻው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ልወቅ፣ ልወቅ የሚል ስሜት እንዲህ እንደሚያሳክክ አላውቅም ነበር። ግን ወደ መስጊድ ሄድኩ፤ ዘግይቼ።

ይህን ሁሉ ለሀያት ስተርክላት ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ አዳመጠችኝ። ከዚያ ፈለግ ፈለግ አደረገች። የወፉን ነገር ሐጂ ብቻ አይደሉም ያዩት፤ በሌላ አገርም ወፉ ሳይመጣ ለምን አዘነች እያሉ ስንትና ስንት ገጽ የጻፉ ሰዎች አሉ። ይሁንና ጌሙ በቅርቡ እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ወፉ ይገባል፤ ላባው ይወድቃል፤ ከዚያ ነው መሬት የምትቀመጠው። ሰሪዎቹ ድሮ ሁለቱ ትዕይንቶች በስሕተት ቦታ ተለዋውጠው ነበር ብለዋል። ተሳስተናል ሲሏቸው እንኳ የማይቀበሉ ተከራካሪዎች መኖራቸውን ስሰማ የኛን ገበያ አስታወሱኝ።

«ስለዚህ እሷ ምንም አታውቅም ነበር?»

«አታውቅም አባ።»

«ማን ገደለው ታዲያ?»

«እሱ እስካሁን አልታወቀም።»

ጭነቱን ለሀያት አደራ ብዬ ባጃጅ ያዝኩ። ሐጂ አሊዩ አሁን ከቤት አይወጡም። ምንጣፋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ልጃቸው የምለውን ሁሉ ጎንበስ ብላ ትደግምላቸዋለች። የወፉን፣ የላባውን፣ የሰሪዎቹን ስሕተት በዝግታ ተረክሁ። ያስታውሱታል ብዬ አልጠበቅሁም። በጣታቸው የሚያዞሩት መቁጠሪያ ቆመ።

«አልገደላችኋትም አይደል?» አሉ።

«ወላሂ አልገደልናትም ሐጂ። ከድር ክፍሉን እስኪለቅ ድረስ ያንን በር ማንም አላለፈውም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ልነሳ ስል አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ ማን ገደለው?»

አላውቅም ስላቸው ፊታቸው ላይ የታየውን ነገር ደስታ ከማለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ልጃቸውን ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አሏት። እስከ አስር ሰላት ድረስ ቀሪዎቹን ሹሞች አንድ በአንድ ስናነሳ ስንጥል ቆየን።

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ስለ ራሴ ሥራ አሰብኩ። ጆንያ ቀሎ ሲገኝ ሾፌሩን፣ ማሾው ረጥቦ ሲመጣ ገበሬውን፣ ሚዛኑ ሲዛባ ሚዛን ያዡን፤ ከዚያ ወፍ ባነሰ ማስረጃ ስንቱን ከበሬ አባርሬአለሁ። ብዙዎቹን አልጠየቅኳቸውም፤ አንዳንዶቹንም መንገድ ላይ ሳገኛቸው አሁን ድረስ ፊቴን አዞራለሁ። እኔ መጠየቂያ አፍ ነበረኝ፤ ያውም ፓፓያ የሚሸጥ አፍ። ያቺ የጨረቃ ሴት ዕድለኛ ናት፤ ጉዳይዋ የታየው በኔ መጋዘን ሳይሆን በሐጂ ግቢ ነው።