የእህቴ እስትንፋስና ቀዩ ስጋጃ

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤታችን የንባብ ክፍል የመጣውን አዲስ ስጋጃ ስንዘረጋ፣ የጀርባው ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ባልደረቦቼ ስለ ቀለሙ ያወራሉ። እኔ ሳይታወቀኝ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ያኔ የምንኖረው ካራ ሰፈር ነበር። የቤታችን ወለል ሲሚንቶ ስለነበር ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ከእግር ተነስቶ ጉልበት ድረስ ይዘልቅ ነበር። ሆኖም ስጋጃ ገብቶበት አያውቅም። ትንሿ እህቴ አስም ነበረባት፤ አቧራና ኃይለኛ ሽታ ያስነሳባታል።

በዚያ ዓመት ለታላቅ እህታችን ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። አባታችን አርፎ ስለነበር፣ እናቴ ቤቱ ባለቤት የለውም እንዳይባል ትፈራለች። «በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሽማግሌ አላቆምም!» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ትንሿን እህቴንና እኔን ይዛ ሾላ ገበያ ሄደች።

አመራረጧ የራሷ ነበር። ስጋጃው ይዘረጋል፤ እህቴ በሆዷ ትተኛበትና አፍንጫዋን ፈትሉ ውስጥ ትቀብራለች፤ እናቴ ከላይ ቆማ ትጠብቃለች። ካስነጠሳት ይጠቀለላል። ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል። አለርጂ ባለበት ልጅ ላይ እንዲህ አይሞከርም። ረጅም ፈትል አቧራ ይደብቃል፤ የሚሻለው አጭር፣ ሽታ የሌለውና የሚታጠብ ነው። ያኔ ግን ይህን የነገረን አልነበረም።

«እትዬ፣ የሚገዙት ምንጣፍ ነው ወይስ አልጋ?» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

«አንተ ዝም ብለህ ዘርጋ!»

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስነጠሷት። ሦስተኛው ቀይ፣ እግር የሚውጥ ነበር። እናቴ በመዳፏ ዳበሰችው። «ይሄማ ቤት ይሞላል» አለች፣ ድምጿ ለስልሶ። እህቴ ተኛችበት። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» እያሉ ይጮኻሉ። ውስጥ ማስነጠስም፣ ሳልም አልተሰማም።

«ጎበዝ የኔ ልጅ! በል ጠቅልልልኝ» አለች እናቴ፣ ወደ ነጋዴው ዞራ።

እኔ የእህቴን ጀርባ እያየሁ ነበር። አይንቀሳቀስም።

«እማዬ፣ ትንፋሿን ይዛለች!»

ስንገለብጣት ከንፈሯ ጠቁሯል። አየር ልትስብ ስትሞክር ደረቷ አፏጨ። ነጋዴው ተሸክሟት ወደ ደጅ ሮጠ። እናቴ ቦርሳዋን መንገዱ ላይ ዘረገፈችው፤ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ማበጠሪያ፣ በመጨረሻ የሚነፋው መድኃኒት። የእህቴ አፍ ላይ ደገነችላት። «ሳቢ፣ እናትዬ። ሳቢ።» አላፊ አግዳሚው ከበበን። ነጋዴው «ዞር በሉ፣ አየር ስጧት!» እያለ ይገፋል። እኔ የማየው ከንፈሯን ብቻ ነበር።

ቀስ በቀስ ቀለሟ ተመለሰ።

«ለምን? ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አለች እናቴ፤ እየተቆጣችም እያለቀሰችም ነበር።

«ወደድሽው እኮ» አለች እህቴ በቀጭን ድምፅ። «ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ ትንፋሼን መያዝ እችላለሁ ብዬ ነው።»

እናቴ የተዘረገፈውን ለቃቅማ እህቴን ጀርባዋ ላይ አዘለቻት፤ አድጋ ነበር፣ እግሮቿ ተንጠልጥለው ይወዛወዙ ነበር። ምንም ሳንገዛ ተመለስን።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቁጭ በሉ ሲባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በታጠበው ሲሚንቶ ላይ ቆሙ። አንጋፋው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝምድና ረጅም ንግግር አደረጉ። «እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» ብለው ጨረሱ።

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። እሷ የምታየው መስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን ትንሿን እህቴን ነበር፤ የደረቷን ከፍ ዝቅ ማለት።

«እማዬ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አቤት?» አለች፣ ዓይኗን ከዚያ ሳትነቅል።

ሽማግሌው ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩላት።