የወንዝ ዳሩን በር አንዘጋም

አላመንኩም። ጠዋት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጥታ ፎቶውን ስታሳየኝ «ይሄ የሌላ አገር ነው» አልኳት። ከዚያ ጫፉ የተቆረጠውን ግራ ጆሮውን አየሁት።

አያ ብቻው ሞቷል።

ለማታውቁት፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር፣ ሸምበቆው ውስጥ ለብቻው የሚኖር አውሬ ነበር። ሰፈሩ ቀበሮ ይለዋል፤ ከወልድያ ካሜራ አንጠልጥለው የሚመጡት ተኩላ ይሉታል። እሱን የምንወደው ግን አያ ብቻው ነው የምንለው።

ፎቶው ሥር «ጠቦት ጨራሹን ተገላገልነው» ተብሎ ተጽፏል። ስንቱ አጨብጭቦለታል!

እኔ ዝምተኛ ነኝ። እዚህ ገጽ ላይም የሰው ጽሑፍ አንብቤ ነው የምወጣው። ማንበቡንም ከልጆቼ ደብተር ላይ ፊደል እየለቀምኩ ለራሴ ያስተማርኩት ነው። ዛሬ ግን እጽፋለሁ።

በዚህ ሳምንት የተበላችው ጠቦት የኔ ናት። ከሳሽ ካለ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አልከሰስኩትም! ጠቦቴን የበሏት ከአስፋልቱ በኩል የመጡ ሁለት ውሾች ናቸው። አፋቸው ደም እንደሆነ በደጄ ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔውኑ ተናግሬያለሁ። «አንች ደግሞ፣ የቀበሮ ጠበቃ!» ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። ከዚያ አንዳችሁ መርዝ የነካው ሳንባ ወንዝ ዳር አስቀመጣችሁ።

የማሽላ ክምር ሲናድ ረሳችሁት?

ክምሩ ሥር አይጥ መዓት ነው። ድሮ ዱላ ይዘን ዙሪያውን እንከብበውና እንቀጠቅጥ ነበር፤ ግማሹ ያመልጣል። አንድ ዓመት ክምሩን ልንንድ ስንል፣ አያ ብቻው በወንዙ በኩል ቁጭ ብሎ ያየናል። አንዱ ድንጋይ አነሳ። የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ይማም ክንዱን ያዙት። «ተው! አንተ በዱላህ የምታሳድደውን እሱ በጥርሱ ይጨርስልሃል። በሩን ልቀቁለት!»

በወንዙ በኩል የቆምነው ገለል አልን። ክምሩ ሲነሳ አይጡ ወደ ክፍቱ ፈሰሰ። ያ እንስሳ ወደ ላይ ብድግ እያለ በሁለት እጁ ሲወርድባቸው፣ ሥራችንን ትተን ስናይ ዋልን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያ ወገን ክፍት ነው። ክምር የሚንድ ሁሉ «በሩን ልቀቁለት!» ሳይል አይጀምርም። የእናንተም ክምር እንደዚያው ነበር።

ሾፌሩ ታደለም ነበረ፣ ከደሴ ወልድያ የሚመላለሰው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቀስ ይልና «ተሳፋሪዎች፣ በስተቀኝ ባለርስቱ! እንደኔው ሚስት ያጣ ነው!» ይላል። መኪናው በሙሉ ይስቃል። አንድ ቀን እኔም ውስጥ ነበርኩ። አብሬ ሳቅሁ።

እንዴት እንደሳቅሁ አላህ ያውቃል።

ሚስት ነበረችው። የገደልኳት እኔ ነኝ።

ሁለት ግልገል አጥቼ ነበር። እሷ ናት ብዬ፣ ልክ እንደዛሬው ሳንባ ላይ መርዝ አድርጌ ሸምበቆው አጠገብ ጣልኩ። እሷ በልታ ሞተች። ጡቷን ይዘው የነበሩት ሁለት ቡችሎችም አልቆዩም። እሱ መሸት ሲል፣ መግሪብ ላይ፣ እየዞረ ይጣራ ነበር። ባለቤቴ እንድሪስ «ማን ነው ይህን ግፍ የሠራ?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። ሳልነግረው ሞተ። ግልገሎቼን እሷ ትብላቸው አትብላቸው ዛሬም አላውቅም።

ካሜራ ይዘው የመጡት ልጆችም «እትዬ፣ ለምንድነው ብቻውን የሆነ?» ይሉኝ ነበር። «እንጃ ልጆቼ።» ይኸው መልሱ።

ዛሬ ከአባ ይማም ጋር ቀበርነው። ሌላ እንስሳ በልቶት እንዳይሞት ጥልቅ አድርገን ቆፈርን። በጆንያ ጠቅልለነው ስንሄድ አንዱ ከመንገድ ዳር «አባ ይማም፣ እንደ ሰው ሬሳ ይሰገድበታል እንዴ?» አለ። አባ ይማም ዞር እንኳ ሳይሉ «የለም፣ እኔ አንተ ላይ ለመስገድ ነው የቆየሁ» አሉት።

አፈሩን ስንመልስ ነገርኳቸው። አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ለእንድሪስ ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩም፣ አባ።»

«እንግዲያ ለሰው ንገሪ። እሱ ባልሠራው ሲሰደብ አንች በሠራሽው ዝም አትበይ።»

ይኸው ነገርኩ። ስደቡኝ፣ ይገባኛል። የሱን ስም ግን አታንሱ። እኔም ያኔ እንደናንተ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ሰው በሚሞትበት አገር ለቀበሮ ይለቀሳል?» ብሎ የጻፈም አለ። አዎ፣ ይለቀሳል። ለሰውም አልቅሻለሁ። ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ጎረቤት ቀብሬያለሁ። ለዚህኛው የሚሆን እንባ አላለቀብኝም። ማንንም አላስፈቅድም።

አያ ብቻው፣ ብቻህን ያደረግሁህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ስንት መኸር አይጤን ለቀምክልኝ፤ አንዲት ጠቦቴን ሳትነካ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የምትመልስበት አፍ የለህማ።

ዘንድሮ ክምሬ ሲናድ በወንዙ በኩል ማንም አይቆምም። የሚስቅ ይሳቅ፤ አይጡም ያምልጥ። ድምፄን ሰምተኸው አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ከአባ ይማም ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ።

በሩን ልቀቁለት!