ግራ እጁ የቀረ የራታን ወንበር

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ዋሴ ሲሞቱ፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አገኘሁሽ የጀመሩት የራታን ወንበር ግራ የመደገፊያ እጁ ገና አልተጎነጎነም ነበር። ወንበሩ ከተጀመረ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

አቶ ዋሴ በእስራኤል፣ በአሽዶድ ከተማ ሰሜናዊ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በአንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ሃያ ስድስት ዓመት ሸንበቆ የሚመስለውን ራታን ጎንጉነዋል። ሥራውን ሲይዙ ዘመዶቻቸው «የሸማኔ ልጅ ሰፌድ ሊሰፋ ሄደ» ብለው ስቀውባቸዋል፤ በጎንደር ስፌት የሴት ሙያ ነበርና። እሳቸውም ብድራቸውን አላስቀሩም። ሰው ቤት በተጠሩ ቁጥር ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ገልብጠው ያዩና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የወርክሾፑ ባለቤት ራሕሚም ራታን የሚመስል የፕላስቲክ ገመድ አምጥቶ «ዝናብ አይነካው፣ ፀሐይ አይነካው» ቢላቸው፣ «ታዲያ የውሃ ቧንቧ ነዋ! ልቀመጥበት ወይስ አትክልት ላጠጣበት?» አሉት። በማግሥቱ ግን ቧንቧውን ሲጎነጉኑ ዋሉ፤ አኩርፈው።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ከዝቅተኛው ሶፋ ብቻቸውን መነሳት አቃታቸው።

«ከፍ ያለ፣ ባለ ሁለት እጅ ወንበር እሠራልሻለሁ፤ ተደግፈሽ ትነሻለሽ» አሉ አቶ ዋሴ። «እስከዚያ ግን ፕላስቲክ ቤቴ አይገባም!»

ሥራው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ሌላው ቀን የራሕሚም ነው። ራታን ካልራሰ ስለሚሰበር፣ ጠዋት መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይዘፈዝፉታል።

«አንቱ ሰው፣ ለሰንበት ልታጠብ ነው፤ ያውጡልኝ!» ይላሉ አገኘሁሽ።

«ገና አልላላም።»

«እንግዲያ አብሬው ልዘፍዘፍ?»

ራታኑ እስኪላላ ከሰዓት ይሆናል። ሁለት ረድፍ ሳይሞላ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ይገባል፤ ሥራ ይቆማል። ጫፉ ሳይታሰር የቀረው ራታን ቅዳሜን ሲደርቅ ይውልና ረድፉ ይዋልላል። እሑድ ከሥራ ሲመለሱ በጣታቸው ገፋ ያደርጉትና «ይህ የማን ሥራ ነው?» ብለው ይፈቱታል። ከሐሙስ ማታ ቢዘፈዝፉት ኖሮ በአንድ ክረምት ያልቅ ነበር። ልጃቸው ኤፍራት ይህንኑ ብትነግራቸው፣ «ራታንም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ?» አሏት።

ከመሞታቸው አንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ ከሥራ ሲገቡ ወይዘሮ አገኘሁሽን ሶፋው ላይ አገኟቸው። የሚያነሳቸው ሰው ጠፍቶ ከቀትር ጀምሮ እዚያው ናቸው።

«ምን ያህል ተቀመጥሽ?»

«አራት ዓመት» አሉ አገኘሁሽ።

አቶ ዋሴ ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ራታኑን ዘፈዘፉና በአውቶቡስ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ወዳለ ሱቅ ሄዱ። አንድ ነጭ ባለ ሁለት እጅ የፕላስቲክ ወንበር መረጡ፤ ገልብጠው እግሩን አዩ፣ ሻጩን ተቆጡ፣ በሁለት እጃቸው ተደግፈው ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ተነሱ። ደረሰኙ በፈረንጆች ሰዓት 10:42 ይላል። ወንበሩን በአውቶቡስ ሰፈራቸው ሮቫ ጊሜል አድርሰው፣ ሦስት ፎቅ ተሸክመው ወጥተው በረንዳው ላይ አስቀመጡት።

«ለጊዜው ነው» አሉ።

አገኘሁሽ ተቀመጡ። የወንበሩን ሁለት እጆች ያዝ አድርገው ብቻቸውን ተነሱ።