በየቀኑ የሚደገም መልእክት

ደጉን ጊዜ ምን ያስረሳዋል? ሚሳኦ ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በካሞ ወንዝ ዳር ስታልፍ ዓይኗ ትሠራበት ወደነበረው ቤተ ሙከራ ይሳባል። ያንን በጋ ትናፍቀዋለች፤ ያስለቀሳት እሱ ሆኖ ሳለ።

እናቷ ቶሜ ዕድሜዋን ሙሉ የሐር መቀነት ስትሸምን የኖረች፣ ምላሷ እንደ መቀስ የሰላ ሴት ነበረች። ቤተ ሙከራው የአዛውንት ቆዳ ሲፈልግ ክንዷን ዘርግታ፣ «በሉ ቆንጥራችሁ ውሰዱ፤ ኮረዳ ካደረጋችሁኝ ግን ባል ፈልጉልኝ» ብላ ሐኪሙን አሳፈረችው።

የሚሳኦ ሥራ እንዲህ የተቆነጠረውን የቆዳ ሴል ወደ ጥንቱ፣ ገና ምንም ወዳልነበረበትና ሁሉንም መሆን ወደሚችልበት ጊዜ መመለስ ነበር። ተመለስ ብሎ የሚነግረው አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ነው። ታዲያ መልእክቱ ብዙ አይቆይም፤ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ እንደ አዲስ መስጠት ነው፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ። አራስ ቤት በሉት እንጂ ይሄ ሥራ ነው? ሴሉ ደግሞ በሽታ የመጣበት እየመሰለው ያኮርፋል፤ ብዙውም ይሞታል። ሚሳኦ «አይዞህ የኔ ልጅ» እያለች ታባብለው ነበር። እዚያ ቤት ሴልን ልጄ ማለት ነውር አልነበረም።

ያን ሰሞን ቶሜን መርሳት ያዛት። ሚሳኦ ከሥራ ስትገባ በየቀኑ፣ ልጅሽ ሚሳኦ ነኝ ትላታለች። እናትየው ፈገግ ብላ «እሺ እትዬ» ትላለች፤ በማግስቱ ያም ድራሹ የለም። ሚሳኦ እልኸኛ ናት፤ አልተወችም። ስሟን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ከእናቷ አፍ መስማት ፈለገች። ሌላ ምንም አላማራትም።

አንድ ቀን ሴሎቹ እሺ አሉ። ቆዳ መሆናቸውን ረስተው፣ እፍግፍግ ብለው ተሰባሰቡ። ቤተ ሙከራው በደስታ ቀለጠ፤ ሚሳኦም ለእናቷ ልትነግር ወደ ቤት በረረች። ቶሜ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሐብሐብ ትበላለች።

«እትዬ፣ እናቴ ልትወስደኝ አልመጣችም?»

ሚሳኦ የለመደችውን ልትላት አፏን ከፈተች። ግን ተወችው። አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ትመጣለች። እስክትመጣ እኔ አለሁልሽ።»

ቶሜ የሐብሐቡን ፍሬ ተፍታ ትክ ብላ አየቻት።

«ደግ ነሽ። ሳድግ ሴት ከወለድኩ ባንቺ ስም ነው የምጠራት። ስምሽ ማን ነው?»

«ሚሳኦ።»

«ሚሳኦ» አለች እናቷ፤ ቀስ ብላም ደገመችው። «ሚሳኦ። አዎ፣ እሱን ነው የማወጣላት።»